ስማችንን የሸፈነው ታንኳ

በ2011 ዓ.ም. የከተራ ዕለት ባሕር ዳር የነበራችሁ፣ አንድ ታንኳ አይሱዙ ላይ ተጭኖ በዘንባባዎቹ መሃል ሲያልፍ ሳታዩ አልቀራችሁም። ሁለት ነጭ የለበሱ ልጆች የቀርከሃ መቅዘፊያ ይዘው ከላይ ተቀምጠዋል። አፍንጫው ከጋቢናው በላይ ወጥቷል። ጭራው ደግሞ ከኋላ ተንጠልጥሎ አስፋልት ሊልስ ምንም አልቀረውም።

ያሠራነው እኛ ነን። ስማችንም ተጽፎ ነበር። እንዴት ሳይታይ እንደቀረ ልንገራችሁ።

ክበባችን ትንሽ ናት። ያኔ 23 ነበርን። ሁለት ፋርማሲስቶች፣ አንድ የጎማ ነጋዴ፣ አስተማሪዎች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ። በወር ሁለት ጊዜ እንሰበሰባለን፣ እናዋጣለን፣ መስከረም ሲመጣ ለተማሪዎች ደብተር እንገዛለን። ሮታሪና ላየንስ የሚባሉት ዓለም አቀፍ የበጎ አድራጎት ክበቦች አባል አይደለንም። ወጉን ግን ከእነሱ ነው የቀዳነው። ደወል ሳይቀር አለን። እውነቴን ነው፣ ሰብሳቢያችን ስብሰባ የሚከፍተው ደወል መትቶ ነው።

ስለ ሮታሪ የማውቀው አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል። እ.ኤ.አ. በ1905 ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ቺካጎ ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር ሆኖ ጀመረው። በየተራ አንዱ ሌላው ቢሮ እየዞሩ ይሰበሰቡ ስለነበር ስሙ ከዚያ መጣ። የመዞር ክበብ እንደ ማለት ነው። እናቴ የምትጠጣው የማርያም ማኅበርም እኮ ይዞራል! ወር በገባ በ21 ጽዋው ከአንዷ ቤት ወደ ሌላዋ ቤት ይሄዳል። የእናቴ ማኅበር አርማ የለውም፣ ፕሬዚዳንት የለውም፣ ዳቦና ጠላ ነው ያለው። ከእኛ ክበብ ግን በዕድሜ ሳይበልጥ አይቀርም።

መኪና የማስጌጡ ሐሳብ የመጣው በስልክ ነው። የአንደኛው ፋርማሲስት ወንድም ካሊፎርኒያ ይኖራል። ቪዲዮ ላከ። ፓሳዴና በምትባል ከተማ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ቀን የጽጌረዳ ሰልፍ የሚሉት አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ የቆየ። ቤት የሚያካክሉ ያጌጡ ተሽከርካሪዎች በሕዝብ መሃል ያልፋሉ። ሕጉ ጥብቅ ነው። ከተሽከርካሪው ላይ ለዓይን የሚታየው ሁሉ በአበባ፣ በቅጠል፣ በዘር፣ በቅርፊት፣ ብቻ ከተክል በተገኘ ነገር መሸፈን አለበት። ሮታሪም ላየንስም በዚህ ሰልፍ የራሳቸውን አስገብተው ያውቃሉ። አባላቱ ሙጫ ይዘው አበባ ሲለጥፉ ይውላሉ። ሰብሳቢያችን ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየው። ሦስተኛው ላይ «እኛስ?» አለ።

እኛ ደግሞ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ጥምቀት አለን። ሰልፍ መፍጠር አያስፈልገንም። የሰፈራችን ወጣቶች በየዓመቱ መኪና ያስጌጣሉ። አንድ ዓመት የኖኅን መርከብ ከካርቶን ሠርተው ነበር። ቀጭኔዋ አንገቷ መንገድ ላይ ተቀንጥሶ፣ አንድ ልጅ ጭንቅላቷን ታቅፎ እየዘመረ ሄደ። በዚያው ሰሞን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘው ሱቅ ለሱቅ ገንዘብ ይለምኑ ነበር። እኛም ጋ መጡ። ተገጣጠመ ማለት ነው።

ስብሰባው ግን ቀላል አልሆነም። «ክበባችን የሃይማኖት አይደለችም፤ በሃይማኖት በዓል ስፖንሰር መሆን አለብን ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ጥያቄው አግባብ ነው። ከመካከላችን ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው፣ ሁላችንም ወደ እነሱ ላለማየት ስንጠነቀቅ የባሰ አየናቸው። የጎማ ነጋዴው ሳቀ። «እናቴ ታቦት ሲያልፍ አቧራ እንዳይነሣ ደጃችንን ውሃ ታርከፈክፍ ነበር። እሷ ያልተጨነቀችውን እናንተ ለእኔ ትጨነቃላችሁ?» አለና መጀመሪያ ከፈለ። 2,000 ብር።

ታንኳውን ያሰቡት መሐንዲሱ ናቸው። «ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ለምን ካርቶን?» አሉ። ወጣቶቹ የፈለጉት ዮርዳኖስን ነበር፣ ሰማያዊ ላስቲክ ተነጥፎ፣ እርግብ ከላይ ተሰቅላ። ትንሽ ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ አንዷ ዘማሪ «ጴጥሮስ ዓሣ አጥማጅ አይደል እንዴ?» አለች። በዚያው አለቀ።

የባነሩ ክርክር ነው ያላለቀው። ሰብሳቢያችን ስድስት ሜትር፣ በሁለቱም ጎን፣ የክበቡ ስምና አርማ ይኑር አለ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አስተባባሪ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። «ከታቦት ፊት ማስታወቂያ አይሄድም» አሉ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ስድስቱ ሜትር ወደ አራት፣ ከዚያ ወደ ሦስት ወረደ። ጎኑ ቀርቶ የኋላው ስፖንዳ ላይ ብቻ እንዲሆን ተስማማን። ሰብሳቢያችን ሲወጣ «የኋላውም ጥሩ ነው፣ ሕዝቡ ከኋላ ነው የሚከተለው» እያለ ራሱን ያጽናና ነበር።

ታንኳ ለማሠራት እኔና ጸሐፊያችን ሐይቁ ዳር ሄድን። ታንኳ ማለት ከነገደ ወይጦ ጋር ነው። ሐይቁን፣ ደንገሉንና ዓሣውን ከሁላችን ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ በከተማው ግን ክብራቸውን ያህል ሲከበሩ አላየሁም። ያገኘናቸው ሰው ስድሳውን የተሻገሩ ይመስላሉ። አያ እያልን አወራናቸው። ስለ በዓሉ፣ ስለ መኪናው፣ ስለ ክበቡ ነገርናቸው። ስለ ክበቡ ብዙም አልጠየቁም።

«ደንገሉ ነው ችግሩ፣ ልጄ» አሉ። «ድሮ እዚህ ደጄ ነበር። አሁን ግማሽ ቀን ሄጄ ነው የማመጣው።»

ደንገል የታንኳው ሥጋ ነው። ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ እየታሰረ ይጠቀለላል፣ እስሩ ከእስር ጋር ይሰፋል። ምስማር የለበትም። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ የሚደርሰው ይኸው ሣር ነው። ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ከሐይቁ እያወጡ ያደርቁታል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜው የወራት ነው። የሐይቁ ዳር እየታረሰና እየተገነባበት ደንገሉ ሸሽቷል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው ይባላል፤ ለአንድ ታንኳ የሚሆን ደንገል ግን ግማሽ ቀን ያስኬዳል። በሰሜን ምሥራቁ በኩል ደግሞ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ ገብቶበታል። እምቦጭን በእጅ ለመንቀል ከየከተማው ሰው የዘመተበት ሰሞን ስለነበር፣ በዚያ ዓመት ስለ ሐይቁ የማያወራ አልነበረም። አያ ግን ስለ እምቦጭ ሳይሆን ስለ ደጃቸው ነው ያወሩን።

«አምስት ሜትር ትሁን» አለ ጸሐፊያችን። ማስታወሻ ደብተር ይዟል፣ የመኪናውን አልጋ ለክቶ መጥቷል።

«ታንኳ በሜትር አይሠራም። ደንገሉ ያመጣውን ነው።»

ጸሐፊያችን «በግምት 5 ሜ» ብሎ ጻፈ።

ዋጋ 4,000 አሉን። ለመከራከር አፋችንን ስንከፍት፣ «ከበዓሉ በኋላ ምን ታደርጓታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። እኔና ጸሐፊያችን ተያየን። አላሰብንበትም። በእርግጥ ካሰብን የክበቡ ቢሮ በር ላይ ትቆማለች ብለን ነው። «እንግዲያ ለእኔ መልሱልኝ። 3,500 ስጡኝ» አሉ። ተጨባበጥን።

ወጪውን እዚህ ላይ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም በኋላ ራሴ ሳየው ደንግጫለሁ። ለአይሱዙ ሁለት ቀን 5,000። ለታንኳ 3,500። ለጄኔሬተር፣ ለነዳጅ፣ ለጨርቅና ለቄጤማ 3,600። ለባነር 1,400። ለ25 ቲሸርት 4,500። ድምሩ 18,000 ብር። ባነሩና ቲሸርቱ፣ ማለትም ስማችን፣ 5,900 ፈጅቷል። ከታንኳው የበለጠ ገንዘብ ለስማችን ነው ያወጣነው። ሂሳብ ሹማችን እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ማንንም መውቀስ አልችልም።

አባቴ ይህን ስነግረው ተንፈስ አለና የራሱን ጀመረ። ከጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በደርግ ዘመን መስከረም 2 ሲደርስ የአብዮት በዓል ሰልፍ ላይ መኪና ያስጌጡ ነበር። ጥቅል ጨርቅ ተደርድሮ፣ ከላይ ሠራተኛ ቆሞ። አንድ ዓመት ተረኛው እሱ ሆነ። ክር የሚቀጥል መስሎ ጥዋት ቆሞ ከሰዓት ወረደ። «ክሩ ባዶ ነበር፣ ማሽንም የለ፣ እጄን ብቻ እንዲህ እንዲህ» ብሎ አሳየኝ። ጣቶቹ አሁንም ያውቁታል። «ስፖንሰር የሚባል አልነበረም። መፈክር ነበር። ያልወጣ ደግሞ ለምን አልወጣህም ይባላል።»

«ታዲያ የትኛው ይሻላል?» አልኩት።

«ሰው ወዶ የሚወጣበት ነዋ! ባነር ምን አለበት፣ ባነር አይነክስ።»

የከተራ ዕለት ጥዋት ታንኳው መጣ። አያ ከሁለት የወንድማቸው ልጆች ጋር ተሸክመውት። አምስት ሜትር አልነበረም። ጸሐፊያችን ሜትሩን ዘረጋ፣ ስድስት ተኩል። ደግሞ ቆንጆ ነበር። ደንገሉ ገና ወርቃማ ነው፣ ስፌቱ እኩል፣ አፍንጫው ቀና ያለ። ለመቆጣት የሚያመች ነገር አልነበረም።

አፍንጫውን ጋቢናው ላይ አስወጣን። አልበቃም። የኋላ ስፖንዳው ወረደ፣ ጭራው ተንጠለጠለ። ባነራችን ደግሞ እዚያው የወረደው ስፖንዳ ላይ ነው የታሰረው። ታንኳው ከላይ ቁልቁል መጥቶ ክዳን ሆነበት። ጸሐፊያችን ባነሩን ፈትቶ ታንኳው ጭራ ላይ ሊያስረው ሞከረ። ከወጣቶቹ አንዱ እጁን ያዘው። «ጋሼ፣ ይሄ የጴጥሮስ ጀልባ ነው እኮ።» ጎን ላይ እንዳናደርገው ቃል ገብተናል። ሰዓቱ ደርሷል፣ ከሩቅ ከበሮ ይሰማል፣ ሾፌሩ ሞተር አስነሥቷል።

ሰብሳቢያችን ከፊት ለፊት ካሉት ምንጣፍ አንጣፊዎች ጋር ነበር። ደወለ። ከጸሐፊያችን አጠገብ ስለነበርኩ መልሱን ሰምቻለሁ።

«ስሙ? አዎ፣ ይታያል።» ዝም አለ። «ጎንበስ ላለ ሰው ይታያል።»

መንገዱን ብዙ አልገልጸውም፤ ጥምቀትን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቄጤማው፣ ምንጣፉን ከኋላ ጠቅልለው እየሮጡ ወደ ፊት የሚያነጥፉት ልጆች፣ አዲስ ቀሚስ፣ ከየት እንደተወረወረ የማይታወቅ ሎሚ። በዩኔስኮ የተመዘገበው በማግስቱ ዓመት ታኅሣሥ ነው፣ 2012 ላይ። የዚያን ቀን ገና ያልተመዘገበ ጥምቀት ነበር፣ ምንም ግን አልጎደለበትም። አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ታንኳው ባለፈበት ሁሉ ሽማግሌዎች እጃቸውን እየዘረጉ ደንገሉን ይነኩት ነበር። የካርቶኑን መርከብ ማንም ነክቶት አያውቅም። አንዲት እናት «ውይ፣ ታንኳ! አባቴን አስታወሰኝ» ብለው አለቀሱ። አያ የቆሙት ከሰዉ ኋላ፣ አጥር ተደግፈው ነው። ያን ያህል ሰው ሥራቸውን ሲነካ ማየታቸውን እንጃ፣ እኔ ግን እሳቸውን ሳይ ነበርኩ። ፈገግ ሳይሉ፣ ዓይናቸውን ከጭራው ሳይነቅሉ ሸኙት። አስፋልት እንዳይነካ የፈሩ ይመስለኛል።

ከመኪናው ላይ ውሃና ቆሎ የታደለው ከእኛ ገንዘብ አይደለም። የሰፈሩ እድር ሴቶች ሌሊቱን ቆልተው ያመጡት ነው። ሁለት ጆንያ። ይህን ያወቅሁት በማግስቱ ጆንያውን ሊወስዱ ሲመጡ ነው።

ከበዓሉ በኋላ በነበረው ስብሰባ ሰብሳቢያችን ደወሉን ጠንከር አድርጎ መታው። ፎቶዎቹ ተዘረጉ። በአንዱም ላይ ስማችን የለም። ሦስቱ ላይ የባነሩ ጠርዝ ይታያል፣ አንደኛው ላይ አንድ ፊደል። «18,000 ብር ለአንድ ፊደል» አለ ሰብሳቢያችን። ሳቅን፣ እሱም መጨረሻ ላይ ሳቀ፣ ግን ከልቡ ተናዶ ነበር።

ያኔ መሐንዲሱ አንድ ነገር ነገሩን። «ናርጋ ሥላሴ የሄደ አለ?» አሉ። ደቅ ደሴት ላይ ያለው ማለታቸው ነው፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት። እኔ ሄጃለሁ፣ በጀልባ ሰዓታት ይፈጃል። እዚያ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች። ከእግሯ ሥር አንዲት ያጌጠች ሴት በግንባሯ ተደፍታለች። ምንትዋብ ናት። ገንዘቡን የሰጠች፣ ሕንፃውን ያቆመች፣ አገር ያስተዳደረች ሴት። ሥዕሉ ውስጥ አለች፣ አልተደበቀችም። ግን ተደፍታ ነው ያለችው።

«ስፖንሰሯ እሷ ነበረች» አሉ መሐንዲሱ። «ቦታዋን ሠዓሊው ያውቅ ነበር።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ብዙ አሰብኩበት። ግራህ አትወቅ የሚለውን ቃል ሁላችንም እንጠቅሳለን። ነገር ግን እድር ላይ ማን ስንት እንዳዋጣ በስም ይነበባል። ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ያወጣ ሰው በማይክሮፎን ይጠራል፣ እልል ይባልለታል። ስም መጥራት በእኛ ዘንድ ነውር አይደለም። ገንዘብ ከየት እንደመጣ ካልተነገረ ሐሜቱ ይብሳል፣ ይህን ሂሳብ የያዘ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሰብሳቢያችን ስሙ ይታይ ማለቱ ጥፋት ነው አልልም። ሮታሪ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ፖሊዮን ሲዋጋ ስሙን አልደበቀም፣ ስሙ ሰው አምጥቶለታል፣ ገንዘብ አምጥቶለታል። አፍሪካ ከተፈጥሮው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ነሐሴ 2012 ዓ.ም. ላይ ሲታወጅ የእነሱ ድካም እዚያ ውስጥ ነበር።

እኔን የከነከነኝ ቦታው ነው። እኛ ስለ ፊደሉ ቁመት ስንከራከር ወር ፈጀን። የኋላ ይሁን፣ የጎን ይሁን፣ ስንት ሜትር። ሠዓሊው ቢጠየቅ በአንድ ቃል ይመልስ ነበር። ታንኳውም ሳይጠየቅ መለሰ።

በነገራችን ላይ የፓሳዴናን ሕግ ሳናውቅ አሟልተናል። ከመኪናው ላይ ያልተሸፈነው ጎማው ብቻ ነበር፣ ሌላው ደንገልና ቄጤማ። ቪዲዮውን ለላከው ወንድም ፎቶ ላክንለት። «የየትኛው ክበብ ነው?» ብሎ ጻፈልን።

ጥር 13 ቀን፣ ቃና ዘገሊላ ባለፈ ማግስት፣ ታንኳውን ለአያ መለስን። በዚያው ጠዋት ውሃ ላይ አዋሉት። ግንቦት ላይ አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ጠየቅኋቸው። «አለቀች» አሉ፣ ስለ አሮጌ ጫማ እንደሚያወራ ሰው። አራት ወር አገልግላለች፣ እንጨት አመላልሳለች፣ ዓሣ ተይዞባታል። ከጎናቸው አዲስ ታንኳ እየሠሩ ነበር። ደንገሉን ከየት እንዳመጡት አልጠየቅሁም።

ቲሸርቶቹ አሁንም በከተማው ይዞራሉ። አንዱን ባጃጅ የሚያጥብ ልጅ ለብሶት አይቻለሁ። አንዱን ደግሞ እናቴ ምጣድ ታስስበታለች፣ ለሰብሳቢያችን እንዳትነግሩት።

ባነሩ ቢሮ ጥግ ተጠቅልሎ ከረመ። ክረምት ሲገባ በራችን ላይ ቡና የምታፈላው ልጅ ለመጠለያ የሚሆን ላስቲክ ካለን ጠየቀችን። ጸሐፊያችን ባነሩን አውጥቶ ሰጣት። በአራት እንጨት ወጠረችው። ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርጋ ነው የወጠረችው፣ ቀለም ያለበት ፊቱ ዝናብ እንዳይመታው። ከመንገድ ለሚያልፍ ሰው ነጭ ላስቲክ ነው። ከሥሩ ተቀምጦ ቀና ያለ ብቻ ያነበዋል።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ከሥሩ ገብቼ ተቀመጥኩ። አርማችን ከራሴ በላይ ነበር፣ ትንሽ በጭስ ጠቁሯል።

«ያስገባል እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ጠብ አይልበትም፣ ጋሼ። ስኳር ስንት ላድርግ?»